ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 11 ሰዓት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። እርስ በርስ በሚራራቁ ሁለት አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ እንዴት እንደሚታወቅ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ስለ ደረሱን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ሰዓቶቹ ትኬት ላይ እንደሚታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጃንዋሪ ወር ከካናዳ ሰሜን ምዕራብ ከኋይትሆርስ ተነሥቼ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ወደምትገኘው ሴንት ጆንስ ለመሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። ቀጥታ በረራ ስላላገኘሁ በቫንኩቨርና በቶሮንቶ በኩል ነው የማልፈው። ስሄድ 06፡00 ተነሥቼ በዚያው ቀን 23፡10 እደርሳለሁ፤ ስመለስ ደግሞ 06፡00 ተነሥቼ 17፡00 እገባለሁ። መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ መሄጃው 17 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ መመለሻው 11 ሰዓት ብቻ የሚፈጀው ለምንድን ነው? አንድ ወዳጄ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ ስትበር መድረሻህ ራሱ ወደ አንተ ይመጣል» ብሎኛል። ስለ ርቀቱም ስፈልግ አንድ ቦታ 5,170 ኪሎ ሜትር ይላል፤ የሦስቱን በረራዎች ርቀት ስደምር ግን 7,000 ሊሞላ ምንም አልቀረው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ አስቀድመን ሰዓቱን እንመልከት፤ ትኬቱን አይተው የደረሱበት መደምደሚያ ከእውነታው ጋር የተገላቢጦሽ ነውና። የሚረዝመው የመመለሻው ጉዞ ነው።

ትኬት ላይ የሚታተመው የመነሻ ሰዓት በመነሻው ከተማ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሰዓት ነው፤ የመድረሻውም እንዲሁ የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው በመቀነስ የጉዞውን ርዝመት ማግኘት የሚቻለው ሁለቱ ከተሞች በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ኋይትሆርስ የምትገኝበት ዩኮን ከዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ማለትም ከዩቲሲ፣ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሴንት ጆንስ ያለችበት ኒውፋውንድላንድ ደግሞ በቅዝቃዜው ወራት ከዩቲሲ ወደ ኋላ የሚቀረው 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ ሲመልሷቸው ኋይትሆርስ ላይ 06፡00 ማለት 13፡00 ይሆናል፤ ሴንት ጆንስ ላይ 23፡10 ማለት ደግሞ የማግሥቱ 02፡40 ነው። በመካከላቸው ያለው 13 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በመመለሻው ሴንት ጆንስ ላይ 06፡00 በዩቲሲ 09፡30 ሲሆን፣ ኋይትሆርስ ላይ 17፡00 ደግሞ 24፡00 ነው፤ ይህም 14 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እንግዲህ ሲሄዱ የተጨመረብዎት 3 ሰዓት ተኩል ሲመለሱ የተቀነሰልዎት ያው 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲሄዱ እጅዎ ላይ ያለውን ሰዓት ወደ ፊት፣ ሲመለሱ ወደ ኋላ ያዞሩታል።

«ተኩል» የምትለዋ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሰዋል፤ በ1884 ዋሽንግተን ላይ የተደረገው ጉባኤም የግሪኒችን መስመር የኬንትሮስ መነሻ አድርጎ መርጧል። ይሁን እንጂ ሰዓቱን የሚወስነው የየአገሩ መንግሥት ነው። ሕንድ ከዩቲሲ 5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል ደግሞ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ቻይና ያን ያህል ሰፊ ሆና ሳለ በሕግ የምትጠቀመው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሰዓትን በሙቀቱ ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የመግፋት ልማድ አለ። ኒውፋውንድላንድ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ድረስ ሰዓቱን ይገፋል፤ ዩኮን ግን ከ2020 ወዲህ ይህን ትቶታል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት በጃንዋሪ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን በጁላይ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የእርስዎ በረራ ደቂቃ ሳይቀያየር በጁላይ ቢደረግ መድረሻው 00፡10 ይሆንና ከጎኑ «+1» የምትል ትንሽ ምልክት ትታተማለች። በማግሥቱ ቀን ይደርሳሉ ማለት ናት። ተቀባይ ሰው ኤርፖርት እንዲመጣ ቀጥረው ከሆነ ይህቺን ምልክት ሳያዩ አይለፉ፤ ተቀባዩ በአንድ ቀን ተሳስቶ ባዶ አዳራሽ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ በእርሷ ምክንያት ነው።

የወዳጅዎ አባባል ትክክል አይደለም። የምድር ገጽ በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ እውነት ነው። ነገር ግን አየሩም፣ ገና መሬት ላይ የቆመው አውሮፕላንም አብረው ይዞራሉ። አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ በአንድ ቦታ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሄሊኮፕተር ከደቂቃዎች በኋላ ሲያርፍ ራሱን ሌላ ከተማ ላይ ባገኘው ነበር። በመሄጃና በመመለሻ መካከል እውነተኛ ልዩነት የሚፈጥረው ነፋስ ነው፤ እርሱን ከታች ለብቻው እንመለከተዋለን።

ወደ ርቀቱ ስንመጣ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። 5,170 ኪሎ ሜትር በሁለቱ ከተሞች መካከል በምድር ገጽ ላይ ሊኖር የሚችለው አጭሩ መንገድ ነው። የእርስዎ መንገድ ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ ቫንኩቨር ይደርሳል፤ ይህም 1,480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ቶሮንቶ 3,350፣ ከቶሮንቶ ወደ ሴንት ጆንስ ደግሞ 2,120 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ድምሩ 6,950 ነው፤ ከአጭሩ መንገድ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። የትንንሽ ማረፊያዎች ዕጣ እንዲህ ነው። በሁለቱ መካከል በየቀኑ አንድ አውሮፕላን የሚሞላ መንገደኛ ስለማይገኝ፣ አየር መንገዶች ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሰው ትልቅ ማዕከል ላይ ሰብስበው እንደገና ይበትኑታል። ያለ ማረፍ የሚበር ጄት ቢኖር ኖሮ ነፋስ በሌለበት ቀን 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል በበቃው ነበር። እርስዎ ግን ሦስቱ በረራዎች ሲደመሩ ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ፣ በሁለቱ ማዕከሎች መጠበቁ ደግሞ ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋ ይወስድብዎታል። ስለዚህ ሁለት ሩቅ ማረፊያዎችን በሚመለከት «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከሚለው ይልቅ «በየት በኩል ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የአንድ በረራ ርቀት በአንድ ቦታ 2,790 ማይል፣ በሌላ ቦታ 3,210 ማይል ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ስሕተት ነው ወይስ ሁለት ዓይነት ማይል አለ?

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ማይል አለ። አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ የየብሱ ማይል 1,609 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ ያየነው 5,170 ኪሎ ሜትር በመጀመሪያው 2,790፣ በሁለተኛው 3,210 ያህል ይሆናል፤ እርስዎ ያዩትም ይህንኑ ርቀት ሊሆን ይችላል። የባሕር ማይል እስከ ዛሬ የዘለቀው ለስሌት ስለሚመች ነው። ከአንድ ዲግሪ ኬክሮስ 60ኛው ክፍል ጋር እኩል ስለሆነ፣ ካርታ ላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ የሄደ አውሮፕላን 60 የባሕር ማይል መሄዱን አብራሪው በቃሉ ያውቃል።

አንዱ ምንጭ ከሌላው በ10 ወይም በ20 ኪሎ ሜትር ቢለያይም አይደነቁ። ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፤ ከምድር ወገብ እስከ መሐልዋ 6,378፣ ከዋልታ እስከ መሐልዋ ደግሞ 6,357 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድቡልቡል አድርጎ የሚያሰላትና ጠፍጣፋነቷን የሚያስብላት ስሌት እስከ ግማሽ በመቶ ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ባለው ስክሪን ላይ የበረራችን መስመር ወደ ሰሜን እንደ ቀስት ጎብጦ ይታያል። መነሻና መድረሻችን እኩል ኬክሮስ ላይ ሆነው ሳለ ለምን ቀጥ ብለን ወደ ምሥራቅ አንበርም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ካለችው ሉል የተሻለ ነገር የለኝም። አንድ የስፌት ክር ወስጄ አንዱን ጫፍ 60ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ በአውራ ጣቴ ያዝኩት፤ ሌላውን ጫፍ በዚያው ኬክሮስ ላይ 90 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ርቆ በሚገኝ ቦታ ላይ በሌላው እጄ ያዝኩት። ክሩን ልል አድርጌ በኬክሮሱ መስመር ላይ ካስተኛሁት በኋላ ወጠርኩት። ክሩ ሲወጠር መስመሩን ለቆ ወደ ሰሜን ሸሸ፤ በጣቶቼ መካከልም ትርፍ ክር ቀረ። ያ ትርፍ ክር አውሮፕላኑ የሚያተርፈው መንገድ ነው። በቁጥር ስናስቀምጠው በኬክሮሱ መስመር ላይ የሚኬደው 5,004 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የተወጠረው ክር የሚያሳየው መንገድ 4,605 ያህል ነው፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተቀንሷል። ሁለቱ ቦታዎች በ180 ዲግሪ፣ ማለትም በዋልታው ወዲህና ወዲያ ማዶ፣ ቢራራቁ ልዩነቱ ይብሳል፤ ኬክሮሱን ተከትሎ 10,007፣ በዋልታው ላይ ግን 6,672 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ አጭሩ መንገድ የሚገኝበት፣ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍለው ክብ «ታላቁ ክብ» ይባላል።

ስክሪኑ ላይ መስመሩ የሚጎብጠው ካርታው ዝርግ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የምናውቃቸው ዝርግ ካርታዎች ጌራርዱስ መርካተር በ1569 ካወጣው ካርታ የተወለዱ ናቸው። እርሱ ካርታውን የሠራው መርከበኞች የኮምፓስ አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ የሚጓዙበት መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ እንዲታይላቸው ነው። የዚህ ዋጋ ወደ ዋልታ በቀረብን ቁጥር ርዝመቱ መለጠጡ ነው፤ 60ኛው ኬክሮስ ላይ ሁሉም ነገር ከምድር ወገብ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ረዝሞ ይታያል።

አውሮፕላኑ ይህን ክር ስንዝር ሳያጓድል ይከተላል ማለት ግን አይደለም። የተወሰኑ የአየር መስመሮችን መያዝ፣ የተከለከሉ ክልሎችንና ነጎድጓድን መዞር፣ ሲነሣና ሲያርፍም ከመንደርደሪያው አቅጣጫ ጋር መስተካከል አለበት። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በተፈቀደለት ደቂቃ ውስጥ ሊያርፍበት ከሚችል ማረፊያ መራቅ የለበትም። በነዚህ ሁሉ ምክንያት በተግባር የሚበረው መንገድ ከአጭሩ በጥቂት በመቶ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ነፋስ ሲሄዱ ቢገፋ ሲመለሱ ይገታል፤ ስለዚህ በደርሶ መልስ ጉዞ ሂሳቡ ይጣፋል ብዬ አስባለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ሐሳብዎ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሂሳቡ ግን አይጣፋም። በአየር ውስጥ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 2,400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋስ ከሌለ መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 3 ሰዓት፣ ድምሩ 6 ሰዓት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋው በሰዓት 900 እየሄደ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሳል፤ ሲመለስ በ700 እየሄደ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ይፈጅበታል። ድምሩ 6 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ሆነ። ነፋሱ 200 ቢሆን መሄጃው 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ መመለሻው 4 ሰዓት፣ ድምሩ 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። ምክንያቱ ነፋሱ የሚገታን ከሚገፋን ለረዘመ ጊዜ መሆኑ ነው።

ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነፋስ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተጠማዘዘ የሚፈስ የአየር ወንዝ ነው። የሚፈጠረው በዋልታው ቀዝቃዛ አየርና ከምድር ወገብ አቅጣጫ በሚመጣው ሞቃት አየር መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ሲሆን፣ የምድር መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያጎብጠዋል። የመጀመሪያው ጠያቂያችን ወዳጅ የምድርን መዞር ማንሣቱ እንግዲህ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ካሰበው በተቃራኒ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ይጠቅማል። ነፋሱ የሚበረታው የሙቀት ልዩነቱ በሚሰፋበት በቅዝቃዜው ወራት ሲሆን፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በፌብሩዋሪ 2020 ከኒው ዮርክ የተነሣ አንድ ቦይንግ 747 ይህን ነፋስ ከኋላው አግኝቶ ለንደን የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። በምድር ላይ ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም የድምፅን ፍጥነት አላለፈም፤ ለአውሮፕላኑ ክንፍ የሚቆጠረው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ያለው ፍጥነት ነውና።

የበረራ ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ለአንድ መንገድ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ይመድባሉ። የመጀመሪያው ጠያቂያችን ትኬት ላይ ሦስቱ በረራዎች ሲመለሱ ረዝመው የተያዙት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ 400 ኪሎ ሜትር የማይሞላ በረራ እንዴት አንድ ሰዓት ይፈጃል? አውሮፕላኑ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ይባል የለም እንዴ?

መልስ፦ ትኬት ላይ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ ከወጣበት ደቂቃ አንሥቶ መድረሻው ላይ ቦታውን ይዞ እስኪቆም ድረስ ነው። መሬት ላይ ወደ መንደርደሪያው መንዳትም፣ ተራ መጠበቅም ውስጡ አሉ። በተጨማሪም በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች የሚበር አውሮፕላን በሰዓት ከ250 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ463 ኪሎ ሜትር፣ እንዳያልፍ ይገደዳል። ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ መውረድ የሚጀመረውም መድረሻው ገና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነው። 400 ኪሎ ሜትር ላይ እንግዲህ አውሮፕላኑ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። እኔ በግምት የምጠቀምበት ዘዴ ርቀቱን ለ830 አካፍሎ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው፤ ለጄት በረራ ከትኬቱ ብዙ አይርቅም።

በአነስተኛ ማረፊያዎች መካከል ግን ብዙውን ጊዜ የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በ400 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ከጄት የሚዘገየው በ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን ነዳጁ ያነሰ፣ የሚፈልገውም መንደርደሪያ አጭር ነው። በ2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ግን አንዱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ትኬት ሲቆርጡ የአውሮፕላኑን ዓይነት ማየት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት በረራዎችን ለየብቻ ብገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ በመካከላቸው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አለ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይግዙ። በአንድ ትኬት የተያያዙ በረራዎች ሲሸጡ እያንዳንዱ ማረፊያ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይከበራል፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ በሌላ በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ሻንጣዎም ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው መድረሻ ይላካል። በሁለት ትኬት ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው መዘግየት የሚያውቀውም የሚያገባውም ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው። እኔም ልክ እንደ እርስዎ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ትኬት ገዝቼ ነበር። የመጀመሪያው በረራ የዘገየው 50 ደቂቃ ነው። ሻንጣዬን ለመውሰድ ተሽከርካሪው ቀበቶ አጠገብ ቆሜ ሳለ የሁለተኛው በረራዬ ቁጥር በሰሌዳው ላይ «የመጨረሻ ጥሪ» ከሚለው ወደ «ተዘግቷል» ሲለወጥ አየሁት። በሩ የሚዘጋው አውሮፕላኑ ከመነሣቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ስለሆነ እጄ ላይ ያለው ሰዓት ገና ጊዜ አለህ ይለኝ ነበር። ወደዚያ ትንሽ ማረፊያ የሚሄደው ቀጣይ በረራ በማግሥቱ ነበርና አዲስ ትኬት ገዝቼ እዚያው አደርኩ።

ለየብቻ መግዛቱ ግድ ከሆነብዎ የመጀመሪያውን ጉዞ በዋዜማው ያድርጉት። ይህም ካልሆነ በእጅ የሚያዝ ቦርሳ ብቻ ይዘው፣ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሰዓት ትተው፣ ሁለተኛው መስመር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበር ጠይቀው ይግዙ፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ 4 ሰዓቱም አያስተማምንም።